ሣጥኑስ ተመረመረ፤ ለእሷ ማን ይንገራት?

ለዋሽንግተን ዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ የፖሊስ መምሪያዎች፣ ዐቃብያነ ሕግ፣ የፎረንሲክ ላቦራቶሪዎችና ሕግ አውጪዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፡- ሳይመረመሩ የከረሙ የአስገድዶ መድፈር ማስረጃ ሣጥኖችንና የተጎጂዎችን ውጤት የማወቅ መብት ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፣

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ብቻ አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ የማይሆንለት ሰው ያለበት ሁሉ እጠራለሁ። ሥራው ምስጢር መጠበቅ ስለሆነ እዚህ ላይ የማንንም ሴት ታሪክ አልጽፍም። የምጽፈው በአደባባይ ስለሚታወቀው ነገርና ስለ አሠራራችሁ ነው። እንግሊዝኛውን በየቢሯችሁ ልኬዋለሁ። አማርኛውን ለአደባባይ ያወጣሁት የራሴ ሰዎችም እንዲያነቡት ብዬ ነው። አንዳንዱ ነገር እነሱንም ይመለከታል።

ለዓመታት ሳይመረመሩ የተከማቹ ሣጥኖችን ለመጨረስ ብዙ እንደደከማችሁ አውቃለሁ። ያንን ላጣጥል አልተነሳሁም። ጥያቄዬ አንድ ነው። ሣጥኑ ከመደርደሪያ ወርዶ፣ ላቦራቶሪ ገብቶ፣ ውጤቱ ሲወጣ፣ እንግሊዝኛ ለማትችለው ሴት ማን ነው የሚነግራት? በምን ቋንቋ? በየትኛው ስልክ? ቤት ውስጥ ማን እየሰማ?

ለአንባቢዎቼ ስል መጀመሪያ ስለ ሣጥኑ ላውራ። ብዙዎቻችን በስም እንጂ በዓይን አናውቀውም። እዚህ አገር "ሬፕ ኪት" የሚሉት ነው። መጠኑ ትንሽ የካርቶን ሣጥን ነው። ውስጡ ፖስታዎች፣ ጫፋቸው ላይ ጥጥ ያለባቸው ቀጫጭን እንጨቶች፣ ማበጠሪያ፣ ብልቃጥና ብዙ ቅጽ አለ። ለዚሁ የሠለጠነች ነርስ ትመጣለች። ሴትየዋ ወለሉ ላይ በተዘረጋ ሰፊ ወረቀት ላይ ቆማ ልብሷን ታወልቃለች። ከላይዋ የሚረግፍ ፀጉርም ሆነ ክር ወረቀቱ ላይ እንዲቀር ነው። ልብሱ አንድ በአንድ በወረቀት ከረጢት ይገባል። ላስቲክ አይሆንም፤ እርጥበት ይዞ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ከዚያ ነርሷ በጥጡ አፏን፣ አንገቷን፣ ጭኗን፣ ብልቷን፣ የነካት ነገር ያለበትን ቦታ ሁሉ ትጠርጋለች። ከጥፍሯ ሥር ትጭራለች። ቁስል ካለ በማስመሪያ ለክታ ፎቶ ታነሳለች። ጥጡ ይደርቃል፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ይታሸጋል። ነርሷ ትፈርማለች፣ ሰዓቱን ትጽፋለች። ይሄ ሁሉ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። እስከዚያ መታጠብ የለም።

አስተርጓሚ ክፍሉ ውስጥ ካለች መጋረጃው ጀርባ ትቆማለች። ብዙ ጊዜ ግን በስልክ ነው። ስልኩ አልጋው ጫፍ ላይ ድምፁ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። "አሁን ቀኝ እግርሽን በውስጥ በኩል ልነካሽ ነው፣ ትፈቅጃለሽ?" ትላለች ነርሷ። እኛ ደግሞ ያንኑ እንላለን። ተጎጂዋ በየደረጃው እሺ ወይም እምቢ የማለት መብት አላት። ያንን መብት የምትጠቀመው ግን የተባለው ከገባት ነው።

የሣጥኑን ሐሳብ ያመነጨችው ማርቲ ጎዳርድ የምትባል የቺካጎ ሴት ናት። ሆስፒታሉም ፖሊሱም ማስረጃውን እንደ መጣለት ሲሰበስብ፣ ሲያበላሽ፣ ሲጥል አየች። ሁሉም አንድ ዓይነት ሥርዓት እንዲከተል ወተወተች። ሣጥኑ በ1978 በቺካጎ አካባቢ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ዋለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ለረጅም ጊዜ የተጠራው ግን የፖሊስ ላቦራቶሪ ባልደረባ በነበረው በሉዊስ ቪቱሎ ስም ነው። እሷ ደከመች፣ ስሙ ለእሱ ወጣ። እንዲህ ያለው ነገር ለማናችንም አዲስ አይደለም።

ከሆስፒታል በኋላ ሣጥኑን ፖሊስ ይረከባል። ፖሊስ ደግሞ ወደ ላቦራቶሪ መላክ አለበት። በብዙ ከተማ እዚህ ላይ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከሁሉ የታወቀው የዲትሮይት ነው። የከተማው ፖሊስ ላቦራቶሪ ሥራው ስህተት በስህተት ሆኖ በመገኘቱ በ2008 ተዘጋ። በኦገስት 2009 ከዌይን ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የመጣ ሰው ፖሊስ ዕቃ የሚያከማችበትን አሮጌ መጋዘን ለማየት ገባ። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች ሣጥን ነው። ሲቆጠር 11,341 ሆነ። አንዳንዱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተቀመጠ ነበር። እዚያ ስሟ የተጻፈ እያንዳንዷ ሰው ያ ወረቀት ላይ ቆማለች። እያንዳንዷ ማስረጃዬ የሆነ ቦታ እየተመረመረ ነው ብላ ጠብቃለች።

ዋና ዐቃቤ ሕጓ ኪም ዎርዚ ነገሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አላለችም። ከተማው ኪሱ ባዶ ነበር፤ በ2013 እንዲያውም ኪሳራ አወጀ። እሷ ግን ከመንግሥትም፣ ከድርጅትም፣ ከግለሰብም ገንዘብ እያሰባሰበች አስመረመረች። በውጤቱ ከ800 በላይ ሰዎች ደጋግመው ደፍረዋል ተብለው ተጠረጠሩ። የአንዳንዱ ዱካ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ድረስ ሄደ። አንዱ ሣጥን በጊዜው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ከእሱ በኋላ የተጎዱት ይተርፉ ነበር ማለት ነው። ይሄን ሳስብ ያናድደኛል።

ለምን ቆዩ? "ገንዘብ የለም" የሚለው መልስ እውነትነት አለው። አንዱን ሣጥን ማስመርመር ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ሊፈጅ ይችላል። የዲትሮይትን ጉዳይ ያጠኑት የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ሌላም ነገር አገኙ። ፖሊሶቹ ሴቶቹን አላመኗቸውም። መዝገቡ ላይ ሳይቀር የሚያንኳስስ ቃል ጽፈውባቸው ነበር። ውሸቷን ነው ብሎ የደመደመ መርማሪ ሣጥን ወደ ላቦራቶሪ የሚልክበት ምክንያት አይታየውም።

ሌላውም ከተማ እንዲሁ ነው። ኒውዮርክ በ1990ዎቹ መጨረሻ 17,000 ገደማ ነበራት፤ ከሌሎቹ ቀድማ ጨረሰች። ሂውስተን ከ6,600 በላይ፣ ክሊቭላንድና አካባቢዋ ወደ 7,000፣ ሎስ አንጀለስ ከተማውና ካውንቲው ተደምሮ ከ12,000 በላይ፣ ሜምፊስም ከ12,000 በላይ። ኮንግረሱ በ2004 የዴቢ ስሚዝ ሕግ የሚባለውን አውጥቶ ለላቦራቶሪዎች ገንዘብ መደበ። በ2015 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሳኪ በሚባል ፕሮግራም ተጨማሪ ድጎማ ጀመረ። ብዙ ቦታ ውዝፉ ቀለለ፤ አንዳንድ ቦታም አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምርበት። የእኛን ሰው በቀጥታ ይነካልና። ድሮ ፖሊስ ብዙውን ሣጥን የማይልክበት አንዱ ሰበብ "ደፋሪው ይታወቃል፣ ዲኤንኤ ምን ያደርጋል?" የሚል ነበር። ሰውየው ማን እንደሆነ ከታወቀና እሱም "በፈቃዷ ነው" ካለ ምርመራው ትርፍ ሥራ ይመስላቸዋል። በክሊቭላንድ ሣጥኖቹ ከተመረመሩ በኋላ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያጠኑ ነገሩ ሌላ ሆነ። ደጋግሞ የሚደፍር ሰው ከታሰበው በላይ ብዙ ነው። የሚያውቃትን ሴት የደፈረው ሰው መንገድ ላይ የማያውቃትንም ደፍሮ የተገኘበት ብዙ ነው። የአንዲቷ "የሚታወቅ" ሰው ለሌላዋ ፊቱን ያላየችው ወንጀለኛ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ኮዲስ የሚባለው የኤፍቢአይ የዲኤንኤ መዝገብ ነው። ሣጥኑ ካልተከፈተ መዝገቡ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም።

በእኛ መሃል ደግሞ አጥቂው ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው። ቤት አጋርቶ ያኖራት ዘመድ፣ ሥራ ያስገባት አለቃ፣ ማታ ከሥራ በመኪናው የሚያደርሳት የአገር ልጅ። ሴት ሴት እላለሁ እንጂ ወንዶችም አሉ፤ የእነሱ ዝምታ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ሰው መክሰስ ማለት ከግማሹ ዘመድ ጋር መቆራረጥ ማለት ነው። "ሆድ ይፍጀው" ብሎ መተው ይቀላል። ያንን ሁሉ አልፋ ሆስፒታል ድረስ የሄደች ሴት ሣጥኗ "ሰውየው ይታወቃል" ተብሎ ቢቀመጥ፣ ዝም በይ ያሏት ሰዎች ልክ ነበሩ ማለት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ቨርጂኒያ ከ2016 ጀምሮ ፖሊስ ሣጥኑን በ60 ቀን ውስጥ ወደ ላቦራቶሪ እንዲልክ በሕግ አስገድዳለች። የቆዩትንም ከ2,600 በላይ ሣጥኖች አስመርምራ በ2020 መጨረሷን አሳውቃለች። ሜሪላንድ በ2017 በወጣ ሪፖርት 3,700 ገደማ ያልተመረመሩ ሣጥኖች በየፖሊስ ጣቢያው እንዳሉ አምናለች። በ2019 ሕግ አውጥታ ለፖሊስም ለላቦራቶሪም የጊዜ ገደብ ሰጥታለች። ዲሲ በ2014 ባወጣችው ሕግ ፖሊስ በ7 ቀን ከሆስፒታል እንዲረከብ፣ ላቦራቶሪው በ90 ቀን እንዲጨርስ ታዝዟል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን በ2021 የከተማዋ ላቦራቶሪ የሥራ ብቃት ዕውቅናውን ተነጠቀ። ማስረጃው ወደ ውጭ ላቦራቶሪዎች ሲላክ ከረመ። ዘጠና ቀን ብሎ መጻፍና ዘጠና ቀን መፈጸም ለየቅል መሆኑን ያየነው ያኔ ነው።

እንበልና ይሄ ሁሉ ተስተካከለ። ሣጥኑ ተመረመረ፤ ውጤት አለ። ከአሥራ ምናምን ዓመት በፊት የተወሰደ ማስረጃ ነው። ያኔ ሴትየዋ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። አሁን አግብታለች፣ ልጆች አሏት፣ ቤት ቀይራለች። ባሏ አያውቅም።

መርማሪው ይደውላል። ቁጥሩ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው። አታነሳም። የማታውቀውን ቁጥር የምታነሳ ስንቷ ናት? መልእክት ይተዋል፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ደብዳቤ ይልካል። ፖስታው ላይ የፖሊስ መምሪያው አርማ አለ። በእኛ ቤት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ማን እንደሚያነብ ታውቃላችሁ? ልጅ ነው። የመብራት ሒሳቡንም፣ የኢንሹራንሱንም፣ የትምህርት ቤቱንም ደብዳቤ የሚያነበው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ነው። "እማ፣ ፖሊስ ነው የጻፈልሽ" ብሎ ይከፍተዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ቢሆን፣ "እርስዎ የተጎዱበትን የወሲብ ጥቃት በሚመለከት" የሚል ካለበት፣ ስትደብቀው የኖረችው በልጇ አንደበት ይነበብላታል።

ይሄን የምለው ፍርሃቴ ስለሆነ ነው። ሰውን በልጁ ማስተርጎም በየቢሮው አይቻለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ባል ለሚስቱ ሲያስተረጉምም አይቻለሁ፤ ያውም ማን መታሽ ተብላ እየተጠየቀች።

መፍትሔው አልጠፋም። ዲትሮይት ውስጥ ሴቶቹን ዝም ብሎ ከመጥራት በፊት ከተመራማሪዎችና ከተጎጂ ደጋፊዎች ጋር ተቀምጠው አሠራር አወጡ። ማን ይሂድ፣ ምን ብሎ ይጀምር፣ በሩን ሌላ ሰው ቢከፍትስ፣ ሁሉንም አሰቡበት። ከተነገራቸው ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጉዳያቸውን እንደገና ለመቀጠል ፈቃደኛ ሆኑ። ሂውስተን ደግሞ ሌላ በር ከፈተች። ሴቲቱ ራሷ ስትፈልግ የምትደውልበት መስመር አዘጋጀች፤ ስልኩን የምታነሳው ለዚሁ የተመደበች ደጋፊ ናት። አንዷ ወዲያው ማወቅ ትፈልጋለች። አንዷ ዛሬ አልፈልግም፣ ምናልባት ከዓመት በኋላ ትላለች። ሁለቱም መብታቸው ነው። አይዳሆ በበኩሏ ከሁሉ ቀድማ በመላው ክፍለ ግዛት የሚሠራ መከታተያ አዘጋጀች። ሴቲቱ የሣጥኗን ቁጥር አስገብታ ሆስፒታል ይሁን ፖሊስ ጋ፣ ላቦራቶሪ ይሁን መጋዘን፣ ታያለች። የምንልከው ዕቃ የት እንደደረሰ በስልካችን በምናይበት አገር ይሄ እስከ ዛሬ መዘግየቱ ነው የሚገርመው። በፌዴራል ደረጃም በ2016 የወጣው የተጎጂዎች መብት ሕግ ሣጥኑ ተጠብቆ እንዲቆይ፣ ውጤቱ እንዲነገራትና ከመወገዱ በፊት ማስታወቂያ እንዲደርሳት መብት ሰጥቷል። ብዙ ክፍለ ግዛቶችም ተመሳሳይ አውጥተዋል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ እነዚህ በሮች ለእኛም እንዲከፈቱ ነው።

ከሁሉ በፊት ሣጥኑ በሚሞላበት ሌሊት ሴቲቱ ትጠየቅ። ወደፊት ልናገኝሽ ብንፈልግ እንዴት? በየትኛው ቁጥር፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ቋንቋ? ቤት ደብዳቤ እንላክ ወይስ አንላክ? መልእክት እንተው ወይስ አንተው? ስልክሽ ቢቀየር የምታምኚው ሌላ ሰው አለ? ይሄ ከሣጥኑ ጋር በሚሄደው ቅጽ ላይ ይጻፍ። አንድ ገጽ ነው። ከዓመታት በኋላ ፋይሉን የሚያነሳው መርማሪ እሷን አያውቃትም። የሚያውቀው ያ ገጽ የነገረውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአስተርጓሚው ነገር ነው። ይሄን ከማንም በላይ እኔ ልናገረው ይገባል። ከተማችን ሰፊ ይመስላል እንጂ የእኛ ዓለም ጠባብ ናት። ዛሬ ሆስፒታል ያስተረጎምኩላት ሴት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ ልትቆም ትችላለች። እኔ ምስጢር እጠብቃለሁ። እሷ ግን ይሄን በምን ታውቃለች? ስሜን ስትሰማ፣ ድምፄን ስትሰማ "ይቺ የእነ እገሌ ጎረቤት አይደለችም?" ብላ ልትዘጋ ትችላለች። ስለዚህ ምርጫ ስጧት። ሴት አስተርጓሚ ትፈልጋለች? ከሌላ ክፍለ ግዛት በስልክ ይሁንላት? ስሟ ለአስተርጓሚው ሳይነገር ይሁን? ዳላስ ወይም ሲያትል ያለች አስተርጓሚ አድራሻዋንም ቤተሰቧንም አታውቅም። ደግሞም ኢትዮጵያዊት ስለሆነች ብቻ አማርኛ ይመደብላት ማለት አይደለም። ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ልትፈልግ ትችላለች፤ ጠይቋት።

ሕጉ ከጎኔ ነው። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፤ አማርኛም መሠረታዊ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ፣ ፖሊስም ሆስፒታልም፣ በ1964ቱ የዜግነት መብቶች ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ ማድረግ አይችልም። ስለ ቋንቋ አገልግሎት በ2000 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በ2025 መሻሩን አውቃለሁ። ሕጉ ግን እንዳለ ነው። ትእዛዙ ተሻረ ብሎ ስልኩን የሚዘጋ ቢሮ ካለ፣ እባካችሁ ከአጠገባችሁ ያለውን ጠበቃ ጠይቁ።

ገንዘቡም ላይ አንድ ቃል አለኝ። ድጎማው ሲመጣ ዓይን ሁሉ ላቦራቶሪው ላይ ነው። የተመረመረ ሣጥን ይቆጠራል፣ ሪፖርት ላይ ይወጣል፣ ጋዜጣዊ መግለጫ ይሰጥበታል። የተነገራት ሴት ግን ማን ይቆጥራታል? በሚቀጥለው ሪፖርታችሁ ላይ ይሄን ጨምሩልን። ውጤት ከወጣላቸው መካከል ስንቱ ተነገራቸው? ስንቱ አልተገኙም? ከነዚህ ውስጥ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው ስንት ናቸው? ስም አንጠይቅም፣ ቁጥር ብቻ።

በዚሁ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ለፖሊስ ሳታመለክት ማስረጃዋን ብቻ ያስቀመጠች ሴት አለች። የእሷን ሣጥን ያለ ፈቃዷ መክፈት ሌላ በደል ነው። ውዝፍ አጸዳን ለማለት ተብሎ የእነዚህ ሣጥን አብሮ እንዳይጠራረግ። ተለይቶ ይቀመጥ፣ ተለይቶ ይቆጠር። ማስወገጃው ቀን ሲቃረብም በመረጠችው መንገድ ይነገራት።

የቀረው ለእናንተ ነው፣ ለወገኖቼ።

አገር ቤት በብዙ ቦታ የለመድነው አሠራር መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ፣ ለሆስፒታል ደብዳቤ አጽፎ፣ ከዚያ የሐኪም ማስረጃ ማውጣት ነው። ስለዚህ እዚህም ብዙ ሴቶች ያለ ፖሊስ ሆስፒታል የማይቀበላቸው ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይቻላል። አቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል የሠለጠነች ነርስ ከሌለው ወዳለበት ይልካችኋል። ለፖሊስ አመለከትሽም አላመለከትሽም የማስረጃ ምርመራው አያስከፍልም፤ ይሄ የፌዴራል ሕግ ነው። በብዙ ቦታ እስከ አምስት ቀን ድረስ ማስረጃ ይወሰዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ቶሎ መሄዱ ግን ይሻላል። የሚቻል ከሆነ ሳይታጠቡ፣ ልብስ ሳያጥቡ። ታጥበሽም ከሆነ ሂጂ።

የወረቀት ነገር የሚያስፈራት አለች። ወረቀት የሌላትም ሴት ምርመራው አይከለከላትም። እንዲያውም የወንጀል ሰለባ ሆነው ለምርመራው ለተባበሩ ሰዎች ዩ ቪዛ የሚባል አለ። በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል፣ ውስብስብም ነው። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሪ በወሬ አትወስኚ። ወሬኛ እንደሆነ ሞልቷል።

አባቶቼ ቀሳውስት፣ ሼኮች፣ ፓስተሮች፣ የዕድር ዳኞች፣ ሴቲቱ መጀመሪያ የምትመጣው ወደ እናንተ ነው። አንዳንዴ በንስሐ፣ አንዳንዴ "ራሴን ያመኛል" ብላ። ሽምግልና የቆየ ወግ ነው፤ ብዙ ትዳር አድኗል። ለዚህ ግን አይሆንም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ "ይቅር በይው" ሲባል ቀኑ ይሄዳል። ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። መጀመሪያ ሆስፒታል ትሂድ። ይቅርታው የእሷ ፈንታ ነው፣ ቀንም አይሄድበትም።

ድሮ ሣጥን ያስሞላሽና መልስ ሳታገኚ የቀረሽ እህቴ ካለሽ፣ መጠየቅ ትችያለሽ። ማስረጃውን ለወሰደው ፖሊስ መምሪያ ወይም በአካባቢሽ ላለ የጥቃት ሰለባዎች ድጋፍ ማእከል ደውይና "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በይ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስትሆን "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ" ናት። ስልኩን አትዝጊ፣ ይቆያሉ እንጂ ያመጣሉ። ሣጥኑ የተወሰደበትን ዓመትና ሆስፒታሉን ካስታወስሽ ይበቃል። ያኔ የሰጠሽው ስም በፊደል ተጣምሞ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል የትውልድ ቀንሽንም ንገሪያቸው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም እየተመዘገበ ስንት ፋይል እንደጠፋ እናውቃለን። ማወቅ ካልፈለግሽም ማንም አያስገድድሽም።

ክቡራትና ክቡራን፣ መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ቅጹን ለማርቀቅ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ያለ ክፍያ እመጣለሁ። የሥራ ባልደረቦቼም እንደማይቀሩ አልጠራጠርም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የአማርኛ አስተርጓሚ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ግልባጭ፡-
- በዲሲና አካባቢው ለሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ዕድሮች
- ለኢትዮጵያውያን የማኅበረሰብ ማኅበራት
- ለአማርኛ ሬዲዮና ዩቲዩብ ዝግጅቶች